ጎዳና ላይ ስለሚያድሩ ልጆች ሰፈርን ማነጋገር፦ ከደብተር እስከ እድር ስብሰባ

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ሱቆች ሲዘጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዱ ባለሱቅ በሩን ከቆለፈ በኋላ በባልዲ ውኃ ያመጣና በረንዳው ላይ ይደፋዋል። በረንዳውን ሊያጥብ እንዳይመስላችሁ። ልጆች እንዳይተኙበት ነው። እኔ ያየሁት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሰፈሬ ውስጥ ነው። ጊዜው ኅዳር ነበር፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ውኃው ከተደፋ በኋላ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ መጣ። ሲሚንቶውን በእግሩ ጣት ነካ ነካ አደረገው። ረጥቧል። ካርቶኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደሚቀጥለው በረንዳ ሄደ።

ባለሱቁን አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ድንኳን የሚተክል ሰው ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እሱ ካለው ሰው ጋር እንዴት እንደምንነጋገር ለማሳየት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጎዳና ላይ የሚያድር ልጅ መኖሩን የማያውቅ የለም። ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ መርካቶ፣ መገናኛ በየቀኑ እናልፋቸዋለን። ስለዚህ "ግንዛቤ ማስጨበጫ" የሚል ባነር ሰቅሎ ልጆች ጎዳና ላይ አሉ ብሎ መናገር ጉንጭ ማልፋት ነው። ሰው ያያል፣ ግን ለምዷል። የእኛ ሥራ የለመደው ዓይን እንደገና እንዲያይ ማድረግና ለእያንዳንዱ ሰው የሚሠራው አንድ ነገር መስጠት ነው። ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር ስንሞክር፣ ስንሳሳት፣ ስናስተካክል የተማርነው ከዚህ በታች አለ። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ ወይም ደሴ ለምትኖሩም አብዛኛው ይሠራል።

1. መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ተመልከቱ

ምንም ከመናገራችሁ በፊት ሰፈራችሁን እወቁ። አንድ ደብተር ግዙ። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ በተለያየ ሰዓት ዙሩ፦ ማለዳ 12 ሰዓት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ 2 ሰዓት፣ ሌሊት 5 ሰዓት። ብቻችሁን አትሂዱ።

በየሰዓቱ የምታዩት ልጅ ይለያያል። ቀን ሊስትሮ የሚሠራው፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞረው ልጅ ማታ ቤቱ የሚገባ ሊሆን ይችላል። ከእናቱ ጋር ተቀምጦ የሚውል፣ ከእናቱም ጋር ደጅ የሚያድር አለ። ብቻውን ወይም ከጓደኞቹ ጋር ድልድይ ሥር ላስቲክ ወጥሮ የሚያድረው ደግሞ ሌላ ነው። የሦስቱም ችግር አንድ አይደለም። ይህን ሳትለዩ ከተናገራችሁ አንድ ሰው ይነሳና "ያ ልጅ እኮ ቤት አለው፣ እናቱን አውቃታለሁ" ይላል። ንግግራችሁ እዚያው ያበቃል። ደርሶብናል።

ደብተሩ ላይ ስም አትጻፉ። ቦታ፣ ሰዓት፣ ብዛት፣ በግምት ዕድሜ፣ ወንድ ወይም ሴት። በቃ። ፎቶ አታንሱ። የተኛ ልጅ አትቀስቅሱ፤ እሱን ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ሊያባርረው ወይም ሊመታው የመጣ ነው።

ከእናንተ በላይ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። የሕንፃ ጥበቃዎች፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ መኪና የሚጠብቁት ልጆች፣ ሌሊት አስፋልት የሚጠርጉት እናቶች። ከእነሱ ጋር ቡና ጠጡ። ማን እንደታመመ፣ ማን አዲስ እንደመጣ፣ ማን ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ይነግሯችኋል። በተለይ ስለ ሴት ልጆቹ የምትሰሙት ከእነሱ ነው። ሴት ልጆች ጎዳና ላይ ብዙም አይታዩም። የሉም ማለት ግን አይደለም። ከሰው ቤት ሠራተኝነት ወጥተው መሄጃ ያጡ አሉ። በየቀኑ እየከፈሉ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆነው የሚያድሩና ያልሞላላቸው ቀን ደጅ የሚቀሩ አሉ።

ሰፈራችሁ መናኸሪያ አጠገብ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። አዲስ የመጣ ልጅ ይለያል። ልብሱ ገና ንጹሕ ነው። ፌስታል ይዟል። የሚቀበለው ሰው እንዳለ ሁሉ አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል። "ከተማ ሥራ አለ" ብሎ ያመጣው ሰው ጥሎት ሄዷል፣ ወይም ብቻውን ተሳፍሮ ነው የመጣው። ይህን ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያገኘው ሰው ብዙ ሊያደርግለት ይችላል። የቀበሌውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ አንዳንዴም የአጎቱን ስልክ ያስታውሳል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ያው ልጅ "ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?" ይላችኋል። ሰፈሩን ምን እንደምትጠይቁት ስታስቡ ይህን አትርሱ።

2. የምትጠሩበትን ቃል አስተካክሉ

"ቦርኮ"። "ዱርዬ"። "ማስቲሽ ሳቢ"። እነዚህን ከራሳችሁ አፍ አውጡ፣ በቀልድም ቢሆን። "አደገኛ ቦዘኔ" የሚለውም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 የሚናገረው ስለ አደገኛ ቦዘኔነት ነው። በሰው አፍ ግን ቃሉ በረንዳ ላይ ለተኛ ሕጻን ሁሉ ይለጠፋል።

"የጎዳና ተዳዳሪ" በደብዳቤም በዜናም የተለመደ ነው። ስድብ አይደለም። እኔ ግን አልወደውም። ተዳዳሪ ማለት ኑሮውን ራሱ የሚመራ ሰው ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደጅ ያደረው የሚያስተዳድረው ሰው ስላጣ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መብቶች ኮሚቴም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጠቃላይ ሐተታ ቁጥር 21 ላይ ልጁን ሳይሆን ያለበትን ሁኔታ የሚገልጽ አጠራር መርጧል። እኛ "ጎዳና ላይ ያለ ልጅ" እንላለን። ብዙ ጊዜ "ልጅ" ብቻ ይበቃል።

3. ለሚነሱት ነገሮች መልስ ይኑራችሁ

ስብሰባ ላይ የሚነሱት ነገሮች በየሰፈሩ አንድ ዓይነት ናቸው። እየተሳደባችሁ ወይም እያፈራችሁ ሳይሆን ረጋ ብላችሁ መልሱ።

"ሰነፎች ናቸው፣ እኩለ ቀን ላይ ተጋድመው ታያቸዋለህ።" ይህን የሚል ሰው ሌሊቱን አላየም። ሌሊት መተኛት ያስፈራል። ብርዱ አለ። ድብደባ አለ። ያገኛትን ሳንቲም ከኪሱ የሚወስድበት ትልቅ ልጅ አለ። ከዚያ የባሰም ጥቃት አለ፣ በሴቶቹም በወንዶቹም ላይ። ስለዚህ ብዙዎቹ ሲንቀሳቀሱ ያድሩና ፀሐይ ስትወጣ፣ ሰው ሲበዛ፣ ደኅና ነው ባሉት ቦታ ይወድቃሉ። አንድ ልጅ "ቀን ሰው ስላለ አይመቱኝም" አለኝ። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ እኩለ ቀን ላይ የተኛ ልጅ ሳይ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ።

"ማስቲሽ ይስባሉ።" አዎ፣ የሚስቡ አሉ። አትካዱ። ከካዳችሁ ሌላውንም አያምኗችሁም። ማስቲሽ ረኃቡንና ብርዱን ያደነዝዛል። አእምሮንና ሳንባን ይጎዳል። ልጆቹም ያውቁታል። አንድ ሳህን ሞቅ ያለ ምግብና የሚያድሩበት ቦታ ያለው ልጅ ማስቲሹን ለመተው የተሻለ ዕድል አለው። በእርግጥ ያን ጊዜም ቢሆን በአንድ ቀን አይተወውም።

"ለምን ወደ አገራቸው አይመለሱም?" የሚመለሱ አሉ። ግን ልጁ ለምን እንደወጣ ሳይታወቅ አውቶቡስ ላይ መጫን ብቻ መመለስ አይደለም። እናት ሞታ፣ አባት ሌላ አግብቶ፣ ቤቱ ዱላ በዝቶበት የወጣ አለ። ጦርነት ወይም ድርቅ ቤቱን የበተነበት አለ። ከእነዚህ ጋር ሥራው ቤተሰብ መፈለግ፣ ማነጋገር፣ ልጁ ከተመለሰም በኋላ ደውሎ መጠየቅ ነው። ይህን የሚሠሩ ድርጅቶች ከተማው ውስጥ አሉ። የእናንተ ድርሻ ልጁን ከእነሱ ጋር ማገናኘት ነው።

"ታፍሰው ይወሰዱ።" ያናገርናቸው ልጆች አብዛኞቹ ከበዓል ወይም ከትልቅ ስብሰባ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ታፍሰዋል። ከቀናት በኋላ ተመልሰዋል። ከተመለሱ በኋላ ግን ማንንም ትልቅ ሰው አያምኑም። ሻይ ልጋብዝህ ሲሉትም ይሮጣል። አፈሳ ጎዳናውን ለሳምንት ባዶ ያደርገዋል፣ ልጁን ግን ከማንም እርዳታ ያርቀዋል። ይህን ስትናገሩ ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ አያስፈልጋችሁም። ቀስ ብላችሁ ተናገሩት።

"እነዚህ የዚህ አገር ልጆች ናቸው፣ የዚያ ብሔር ናቸው።" ወደዚህ ጨዋታ ፈጽሞ አትግቡ። ልጅ ከየት እንደመጣ ቤተሰቡን ለሚፈልግለት ሰው ይጠቅማል። ለእድር ስብሰባ አይጠቅምም።

4. ልጆቹን ጠይቁ

ስለ እነሱ ከመናገራችሁ በፊት ምን እንዲነገርላቸው እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። በሚያውቁት ሰው በኩል ቅረቡ፣ ለምሳሌ በጀበና ቡናዋ ልጅ። ቁጭ በሉ። ቆሞ የሚያናግር ሰው ፖሊስ ይመስላል። "ለምን ከቤት ወጣህ?" ብላችሁ አትጀምሩ። "ሰፈሩ ሰው ምን ቢያደርግ ይሻልሃል?" በሉ።

መልሳቸው ያስገርማችኋል። እኛ ብር ወይም ልብስ ይላሉ ብለን ነበር። አንዱ "ውኃ አይድፉብን" አለ። ሌላው ልብሱን የሚያጥብበት ቦታ ጠየቀ። ሽንት ቤት ያሉም ነበሩ፤ ቀን ካፌ አያስገባቸውም፣ ደጅ ከተቀመጡ ይመታሉ። አንዲት ልጅ ማታ መብራት ያለበት ቦታ ብቻ ጠየቀች። ከሁሉም የከበደኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መልስ ነው። ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ሄዶ ነበር። "ወላጅ አምጣ አሉኝ" አለ። እኛ ሁላችን ረብሸን ወላጅ አምጡ ተብለን እናውቃለን። እሱ ሊማር ስለመጣ ነው የተባለው።

5. አንድ ነገር ብቻ ለምኑ

እዚህ ላይ ነው ብዙው ዘመቻ የሚከሽፈው። ሰው ልቡ ተነክቶ "ታዲያ ምን ላድርግ?" ሲል "ሁላችንም የበኩላችንን እንወጣ" እንለዋለን። የበኩሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቤቱ ይገባል።

ከልጆቹ መልስ ውስጥ ሰፈሩ አሁኑኑ ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ነገር ምረጡ። ውኃ አለመድፋት። ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧ መክፈት። አንድ ልጅ እንዲመዘገብ እንደ አሳዳጊ የሚፈርም ሰው ማግኘት። አዲስ ልጅ ሲታይ ለአንድ ቁጥር መደወል። ለባለሱቅ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጥበቃ የምትጠይቁት ነገር ይለያይ፣ ለእያንዳንዱ ግን አንድ ብቻ ይሁን።

የሚደወልበትን ደግሞ ቀድማችሁ አረጋግጡ። የወረዳችሁ የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የሚመለከተውን ባለሙያ ተዋወቁ። በሰፈራችሁ የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረት፣ ማለትም ነዋሪው ችግረኞችን ለመርዳት ያቋቋመው ስብስብ፣ ካለ አባላቱን ጠይቁ። ልጅ ሲመታ ወይም ሲወሰድ ካያችሁ የፖሊስ ነፃ መስመር 991 ነው።

ብር ስለ መስጠት ሁልጊዜ ይጠየቃል። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ምግብ ስጡ፣ ስማቸውን ጠይቁ፣ ነገ ስታልፉም በስማቸው ጥሯቸው። ሳንቲም የሚሰጡትን እናቶች ግን አትገሥጹ። ያቺ ሳንቲም ለስንት ዓመት የሰፈሩ ብቸኛ መልስ ነበረች።

6. እድር ላይ ተናገሩ

በሰፈር ደረጃ እድርን የሚተካ መድረክ የለም። ሁሉም አለ፣ ሁሉም ይደማመጣል፣ የተወሰነው ይመዘገባል። ስብሰባው ከመድረሱ በፊት ሊቀመንበሩን ቤቱ ሄዳችሁ አናግሩት። ድንገት ተነስታችሁ እጅ አታውጡ። ሦስት ደቂቃ ጠይቁ፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ተናገሩ። እኛ ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስንበት ንግግር ይህን ይመስላል፦

"እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ወር ከእድራችን አዳራሽ እስከ አስፋልቱ ድረስ ማታ ስንዞር ደጅ የሚያድሩ አሥራ አንድ ልጆች ቆጥረናል። ትንሹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። አምስቱ ትምህርት ቤት የነበሩ ናቸው። ምን እንደሚሻላቸው ጠየቅናቸው። የምንታጠብበት ውኃ አሉን። ግቢያችን ውስጥ ቧንቧ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት እንዲከፈትላቸው እንለምናለን። እኛ ሁለት ሰዎች እየተገኘን እንጠብቃለን። የውኃውን ሂሳብ እንከፍላለን። ለሁለት ወር እንሞክረው። ችግር ካመጣ ራሳችን እንዘጋዋለን።"

ንግግሩ ውስጥ ልመና የሚመስል ድምፅ የለም። የራሳችን ሰፈር ቁጥር አለ። ልጆቹ ራሳቸው ያሉት አለ። ማን እንደሚሠራው፣ ማን እንደሚከፍለው፣ መቼ እንደሚያበቃ አለ። ተቃዋሚዎቹ የሚፈሩት "ከገቡ አይወጡም" የሚለውን ነው። የሁለት ወር ገደቡ ያረጋጋቸዋል።

ሽማግሌዎቹና እናቶቹ ፊት ወላጅ አልባ ልጆችን በማሳደግ የሚታወቁትን የአበበች ጎበናን ነገር አንሱ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው፣ በረኃብ ከተመታው አካባቢ ሁለት ሕጻናት ይዘው ነው ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ስንት ሺህ ሰው "እማዬ" ብሎ እንዳለቀሰ ሁሉም ያስታውሳል። ሁለት ልጅ የሚለውን አጉሉት። የእናንተ ሰፈር አሥራ አንድ ልጅ አለው፣ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ሦስት መቶ።

ከእድር ቀጥሎ ትምህርት ቤት ነው። ሚኒ ሚዲያ የሌለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ወይም በእረፍት ሰዓት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጻፉት። ልጆች ስለ ልጆች ሲናገሩ ስብከት አይሆንም። ሰንበት ትምህርት ቤትና የመስጊድ ጀመዓም እንዲሁ ናቸው፤ ቀድማችሁ ኃላፊዎቹን አናግሩ።

ባለሱቆቹን ግን ስብሰባ አትጥሯቸው። አንድ በአንድ ሂዱ፣ ገበያ በሌለበት ሰዓት። ውኃ የሚደፋው ያ ባለሱቅ ብዙ ሰው ፊት ቢሆን ኖሮ ይከራከረን ነበር። ብቻውን ስናገኘው የራሱን ችግር ነገረን። ጠዋት በረንዳው ላይ ሽንት ያገኛል፣ ደንበኛ ይሸሻል። እውነቱን ነው። ከልጆቹ ጋር ተነጋገርን፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ካርቶናቸውን አንስተው በረንዳውን ጠርገው ሊሄዱ ተስማሙ። መጥረጊያውን እሱ ሰጠ።

7. ፎቶና ቪዲዮ ላይ ጥብቅ ሁኑ

ይህን የምጽፈው እየከበደኝ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፎቶ በትልቁ አሳትመን አጥር ላይ ሰቀልን። ጠይቀነው ነበር፣ እሺ ብሎ ነበር፣ ፎቶው ላይም ይስቃል። በሳምንቱ ጓደኞቹ "ባነር" የሚል ስም አወጡለት። አላፊ አግዳሚው እያስቆመ ያየው ጀመር። ከዚያ ከሰፈሩ ጠፋ። የት እንደሄደ የነገረን ሰው የለም። ፈልገን አላገኘነውም።

የልጅ "እሺ" ሙሉ ፈቃድ አይደለም። እሱ ዳቦ የገዛችሁለትን ቀን ነው የሚያስበው፣ ፎቶው ግን ሃያ ዓመት ይቆያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 እንኳ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ፈቃድ የሚሰጥለት አሳዳጊ የሌለው ልጅ ሲሆን ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ፊት አታሳዩ። ስም፣ የመጣበትን አገር፣ የሚያድርበትን ትክክለኛ ቦታ አትጻፉ። የሚያድርበትን ቦታ የሚፈልጉ ክፉ ሰዎችም ያነባሉ። ቲክቶክ ላይ ዳቦ ሲሰጡ መቀረጽ ከእኛ ቡድን የተከለከለ ነው፣ ማንም ይሁን።

በምትኩ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው። እኛ "ማታን ሳሉ" አልናቸው። አንዱ ውሻ ሳለ። ውሻው ከልጁ ይበልጣል፣ ልጁ ከሆዱ ሥር ገብቶ ተኝቷል። ከሥሩ ምንም አልጻፍንበትም። እድር አዳራሽ ግድግዳ ላይ ስንለጥፈው ሰው ሁሉ እዚያች ወረቀት ጋ ይቆም ነበር።

8. ቁጥር ስትጠሩ

ጎዳና ላይ ስላሉ ልጆች ብዛት የሚነገሩት ቁጥሮች እጅግ ይራራቃሉ። ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረው በአገር ደረጃ 150 ሺህ፣ ከእነሱም 60 ሺህ ያህሉ አዲስ አበባ የሚል ግምት ነው። የረድኤት ድርጅቶች ደግሞ እስከ 600 ሺህ አድርሰውታል። ልዩነቱ ከመቁጠሪያው ነው፤ አንዱ ማታ የሚያድረውን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ቀን የሚሠራውንም ይጨምራል። ትልቁን ቁጥር ለማስደንገጥ አትምረጡ። ስድስት መቶ ሺህ ሲባል የሚሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይነሳም። ደብተራችሁ ላይ ያለው አሥራ አንድ ግን በር ድረስ ያስኬደዋል።

9. ቀንና ፈቃድ

ሁለት ቀናት ይመቻሉ። ሚያዝያ 4 ዓለም አቀፉ የጎዳና ልጆች ቀን ነው። ሰኔ 9 ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. በሶዌቶ የተገደሉት ተማሪዎች የሚታሰቡበት የአፍሪካ ሕጻናት ቀን ነው። ሰኔ 9ን እመርጣለሁ። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ብርድ ልብስና ላስቲክ ማውራት ያኔ ትርጉም አለው። የኤፍ ኤም ጣቢያዎችም በዚያ ሰሞን ስለ ልጆች የሚያወራ እንግዳ ይፈልጋሉ። ሸገር 102.1 ወይም ፋና 98.1 ላይ ለመቅረብ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ለፕሮግራሙ አዘጋጅ አጭር መልእክት ላኩ። የምታወሩትን በሦስት መስመር ጻፉ። ልጅ ይዛችሁ ስቱዲዮ አትሂዱ።

የበዓል ማዕድ ማጋራት መልካም ነው። ግን ፋሲካ ዕለት ሁሉም ያበላል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ ልጁ ሆቴል ጓሮ ቆሞ ቡሌ፣ የተመጋቢ ትራፊ፣ ይጠብቃል። አቅማችሁ ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ረቡዕን ምረጡ።

ዝግጅቱን ግቢ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ወይም እድር አዳራሽ ብታደርጉት ይቀላል። አደባባይ ላይ ሰልፍ ከሆነ ግን አዋጅ ቁጥር 3/1983 ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። ለወረዳው ደብዳቤ ስትጽፉ ሕገ መንግሥቱ ስለ ሕጻናት መብት የሚናገርበትን አንቀጽ 36 ጥቀሱ። ኮፒውን ማኅተም አስመቱና ያዙት።

10. ብር ከመምጣቱ በፊት ተዘጋጁ

ሰው ከተነካ ኪሱ ይገባል። በግል ሂሳባችሁ አንድ ብር አትቀበሉ። እድሩ ደረሰኝ አለው፣ ሒሳብ ሹም አለው፣ በእሱ በኩል ይሁን። ወይም በሕግ የተመዘገበና ከልጆች ጋር የሚሠራ ድርጅት ምረጡና ሰዉ በቀጥታ ለእነሱ ያስገባ። ዋሽንግተንም ይሁን ዱባይ ያሉ ዘመዶች "የልጆቹን ፎቶ ላኩልኝና ሰው ላስተባብር" ይላሉ። በቅን ልብ ነው። የውሻውን ሥዕል ላኩላቸው። የምንፈልገውን፣ ዋጋውን፣ የት እንደሚከፈል ጻፉላቸው።

11. ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ዙሩ

ያንኑ ደብተር ይዛችሁ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ። ስንት ናቸው? ስንቱ አዲስ ነው? ስንት በረንዳ ደረቅ ነው? ማን በስሙ ይጠራል? ቁጥሩ ላይቀንስ ይችላል። እኛ ጋ አሥራ አንዱ ዘጠኝ ሆኑ፣ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ አሥራ ሁለት። ከሄዱት ሁለቱ አንደኛው ወላጅ አምጣ የተባለው ልጅ ነው። አንዲት የእድራችን እናት ፈረሙለትና ከአክስቱ ጋር ሆኖ ይማራል። ያያችሁትን ለእድሩ ንገሩ፣ ያልተሳካውንም ጨምሩ።

ባለፈው ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የባንኩ ሕንፃ ጥበቃ ነው። "አንድ አዲስ ልጅ መጥቷል፣ ፌስታል ይዟል፣ እዚህ ጋ አስቀምጬዋለሁ" አለኝ። ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ።